መብራት ኃይል ለማን ተቋቋመ? ታሪኩ ከአብርሃ ጅራ ሲታይ

መንግሥት ስሙን ደጋግሞ ቀይሮታል፤ ሕዝቡ ግን ዛሬም «መብራት ኃይል» ነው የሚለው። ባለሥልጣን ሲባልም፣ ኮርፖሬሽን ሲባልም፣ ለሁለት ሲከፈልም በሰው አፍ የቀረው ያው የድሮው ስም ነው። ከስሙ ጋር ሳይፈታ የቀረ አንድ ጥያቄም አለ። ይህ ድርጅት ነጋዴ ነው ወይስ አገልጋይ? ትርፍ ካላገኘበት ቦታ ምሰሶ መትከል ግዴታው ነው ወይስ አይደለም? ግዴታው ከሆነ ኪሳራውን የሚከፍለው ማነው?

ጥያቄው አዲስ አበባ ተቀምጦ ለሚያየው የስብሰባ ክርክር ይመስላል። ከምዕራብ ጎንደር ቆላ ሲታይ ግን መልኩ ሌላ ነው። አብርሃ ጅራ የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከጎንደር በሳንጃ አድርጎ የሚወርደው መንገድ የሚያደርሰው ወደዚህች ከተማ ነው። ዙሪያዋ ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ ነው፤ በአረምና በአጨዳ ወቅት ከደጋው የቀን ሠራተኛ ይጎርፍባታል። ከእርሷ በስተደቡብ፣ በመተማ በኩል፣ የኢትዮጵያን ኤሌክትሪክ ለሱዳን የሚያደርስ ከፍተኛ መስመር ተዘርግቷል። አገሪቱ መብራት ለጎረቤት መሸጥ ችላለች፤ በዚያው ቆላ ግን ሌሊቱን በባትሪ ብርሃን የሚያሳልፍ የገጠር ሰው ሞልቷል። ይህ እንዴት ሆነ? መልሱ በአንድ ባለሥልጣን ክፋት ወይም ስንፍና የሚገለጽ አይደለም። ድርጅቱ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ አብሮት ያደገ ችግር ነው።

፩. ድንበር፣ ውሃና ሐዲድ በአንድ ወረቀት

መተማ ከኤሌክትሪክ በፊትም የመተላለፊያ አገር ነበረች። ከጎንደር የሚወርደው ሲራራ ነጋዴ ከሱዳን ከሚመጣው ጋር የሚገናኘው በዚሁ ገበያ ነበር። በመጋቢት 1881 ዓ.ም አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁት በዚህችው ከተማ ነው። ከዚያ በኋላ የመተማ ስም በኢትዮጵያውያን ዘንድ ከንጉሡ ሞት ጋር ተቆራኝቶ ቀረ።

ከጦርነቱ ከ13 ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1894 ዓ.ም፣ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የድንበር ውል ተፈራረሙ። ብዙ ጊዜ የሚነሳው ድንበሩ ነው። በዚያው ወረቀት ላይ ግን ሌሎች ጉዳዮችም ነበሩ። አንደኛው፣ በጥቁር ዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ የውሃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንዳይሠራ የሚለው ነው። ሌላው፣ ሱዳንን ከዩጋንዳ የሚያገናኝ ባቡር በኢትዮጵያ ምድር ላይ እንዲያልፍ የሚፈቅደው ነው። በቀጣዩ ዓመት ሻለቃ ግዊን የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ድንበሩን እየዞረ ምልክት አኖረ።

ድንበሩ፣ ውሃውና ሐዲዱ በአንድ ውል መታሰራቸው በአጋጣሚ አልነበረም። ለእንግሊዝ ይህ ምድር የውሃ ምንጭና መተላለፊያ ነበር፤ በላዩ የሚኖረው ሰው በውሉ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ቆላውን «በላዩ የሚታለፍበት» አድርጎ የማየት ልማድ የተጻፈው ያኔ ነው። ልማዱ ከእንግሊዞች ጋር ተጠቅልሎ አልሄደም።

፪. ከጠላት ንብረት የተወለደ ድርጅት

ኤሌክትሪክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በምኒልክ ቤተ መንግሥት በኩል ነው። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው አባ ሳሙኤልም የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ሆነ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም አገሪቱን ሲወርር በየቦታው የነበሩትን ማመንጫዎች ጠቅልሎ ኮኒየል ለሚባል ኩባንያ ሰጠ። ኩባንያው ትልልቅ ወደሚባሉ ከተሞች ጄኔሬተር አስገባ። የተመረጡት የጦር ሰፈርና የአስተዳደር ቢሮ ያለባቸው ነበሩ።

ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ማሽኖቹ «የጠላት ንብረት» ተብለው በመንግሥት እጅ ገቡ። ንብረቱን ያስተዳድር ከነበረው ድርጅት የሸዋ ኤሌክትሪክ ወጣ። እርሱም አድጎ በ1948 ዓ.ም የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተብሎ ተቋቋመ። «መብራት ኃይል» የሚለው የሕዝብ አጠራር ከዚህ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ድርጅቱ «የአገሪቱ ሕዝብ መብራት ያስፈልገዋል፤ እንዴት እናድርስለት?» ከሚል ዕቅድ የተነሳ አልነበረም። የተነሳው «እጃችን የገቡትን ማሽኖች እንዴት እናስተዳድር?» ከሚል ጉዳይ ነው። ማሽኖቹ ደግሞ የነበሩት ጣሊያን ባስቀመጠባቸው ከተሞች ነበር። ስለዚህ የኢትዮጵያ የመብራት ካርታ ሲጀመር የተነደፈው በወራሪው የጦር ፍላጎት ነው ማለት ይቻላል። ቀጥሎ የመጣው ቆቃም በጣሊያን የጦር ካሳ ገንዘብ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም ሥራ ጀመረ። አቅሙ 43 ሜጋ ዋት ገደማ ሲሆን ኃይሉን የሚሰጠው በዋናነት ለአዲስ አበባና ለአዋሽ ተፋሰስ ኢንዱስትሪዎች ነበር። በሰሜን ምዕራብ በኩል ደግሞ የጢስ ዓባይ ማመንጫ ለባሕር ዳርና ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ደረሰላት።

፫. ሁለት ዓይነት መብራት

ከዚህ በኋላ አገሪቱ ሁለት ዓይነት መብራት ነበራት። አንደኛው ከግድብ ግድብ፣ ከከተማ ከተማ የተያያዘው ዋናው መረብ ነው። ሁለተኛው ለብቻቸው የቆሙ ከተሞች መብራት ነው፤ አንድ የናፍጣ ጄኔሬተር፣ አንድ ኦፕሬተርና ጥቂት ምሰሶ። የመጀመሪያው ወጪ አንዴ ግድቡ ሲሠራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ውሃው በነፃ ይፈሳል። የሁለተኛው ወጪ በየቀኑ ነው። ናፍጣው በቦቴ ይመጣል፤ ክረምት መንገዱን ሲቆርጥ መብራቱም ይቆረጣል። በብዙ ትንንሽ ከተሞች መብራት የማታ ጉዳይ ብቻ ሆኖ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ መብራትና ትራንስፖርት አንድ ጉዳይ ይሆናሉ። መንገድ የሌለው ከተማ ናፍጣ የለውም፤ ናፍጣ የሌለው ከተማ መብራት፣ ወፍጮና የውሃ ፓምፕ የለውም። መተማ በዚህ በኩል ታድላለች። የኤርትራ ጦርነት አሰብን ከዘጋ በኋላ ኢትዮጵያ ወደ ፖርት ሱዳን ስትመለከት የአዘዞ–መተማ መንገድ ትልቅ ትርጉም አገኘ፤ የሱዳን ቤንዚንም በዚያው በኩል ገባ። ነገር ግን ይህም መተላለፊያ ነበር። ቦቴው መተማን አልፎ ወደ መሐል አገር ይሄዳል፤ ወደ አርማጭሆ ለመታጠፍ ምክንያት የለውም።

፬. «ሽፋን» የሚባለው ቃል

በ1989 ዓ.ም ባለሥልጣኑ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ወደ ኮርፖሬሽን ተለወጠ። ለውጡ የስም ብቻ አልነበረም። በ1984 ዓ.ም የወጣው የመንግሥት የልማት ድርጅቶች አዋጅ እንደሚለው፣ እንዲህ ያለ ድርጅት ወጪውን በገቢው እየሸፈነ እንደ ነጋዴ መሥራት አለበት። ከ1998 ዓ.ም ጀምሮ ግን መንግሥት ይህንኑ ድርጅት በሺዎች የሚቆጠሩ የገጠር ከተሞችን እንዲያገናኝ አዘዘው። አንደኛው ትእዛዝ «አትክሰር» ይላል፤ ሌላው «ከሚያከስርህ ቦታ ድረስ ሂድ» ይላል።

ሁለቱን ያስታረቀው «ሽፋን» የሚለው ቃል ነው። አንድ ከተማ ትራንስፎርመር ከገባለት በአካባቢው የሚኖረው ሰው ሁሉ «መብራት ያገኘ» ተብሎ ሲቆጠር ቆየ። ቤቱ ድረስ ቆጣሪ የገባለት ሰው ግን ከዚያ በእጅጉ ያንስ ነበር። ገመዱ በደጁ እያለፈ የማስገቢያውን ክፍያ ያልቻለ፣ ቆጣሪ የሚጠብቅ፣ ከጎረቤቱ ገመድ የጠለፈ፣ ሁሉም በሪፖርቱ ላይ «ተሸፍኗል»። ሪፖርት ሲያምር ቤት ይጨልማል የሚያሰኝ ነገር ነው።

፭. የገዳሪፍ መስመር

በ2000 ዓ.ም የዓለም ባንክ ኢትዮጵያ ለሱዳን ኤሌክትሪክ የምትሸጥበትን መስመር ለመሥራት 41 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብድር ፈቀደ። 230 ኪሎ ቮልት የሚሸከመው መስመር ከጎንደር ተነስቶ በሸኸዲ፣ ማለትም በገንዳ ውሃ፣ በኩል ወደ መተማ ወርዶ፣ ድንበሩን ተሻግሮ ገዳሪፍ ይገባል። የመጀመሪያው ሽያጭ እስከ 100 ሜጋ ዋት ነበር። በኅዳር 2006 ዓ.ም ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝና ፕሬዚዳንት ኦማር አልበሽር ገዳሪፍ ላይ ተገናኝተው መረቁት። አፄ ዮሐንስ በወደቁበት ሜዳ በኩል ኢትዮጵያና ሱዳን በሽቦ መተሳሰራቸው ትልቅ ነገር ነበር፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

እንዲህ ያለ መስመር ግን ለመንደር መብራት አይሰጥም። 230 ኪሎ ቮልት ወደ ቤት ሊገባ የሚችለው ማከፋፈያ ጣቢያ ተሠርቶ ወደ 33 ኪሎ ቮልት ወይም ወደ 15 ከወረደ በኋላ ነው፤ ከዚያም በየሰፈሩ ትራንስፎርመር ይጠይቃል። ከትልቁ መስመር ወጣ ብሎ ላለ ከተማ የሚቀርበው ኃይል በቀጭን መስመር ረጅም መንገድ ይጓዛል። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ኃይሉ እየሳሳ ይሄዳል፤ በነፋስ አንድ ምሰሶ ከወደቀ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይጨልማል። እንደ አብርሃ ጅራ ያሉ የድንበር ከተሞች ምርጫቸው ይኸው ነው። ወይ የረጅም መስመር ጭራ መሆን፣ ወይ በራሳቸው ጄኔሬተርና በፀሐይ ኃይል መኖር።

በዚያው በ2006 ዓ.ም ኮርፖሬሽኑ ለሁለት ተከፈለ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ግድቡን፣ ከፍተኛ መስመሩንና የውጭ ሽያጩን ያዘ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ ምሰሶውን፣ ቆጣሪውንና ደንበኛውን ያዘ። ምክንያቱ አሠራር ማቀላጠፍ ነበር። ውጤቱ ግን ዶላሩ ከአንዱ ዘንድ፣ ግዴታው ከሌላው ዘንድ መቅረቱ ሆነ። ለሱዳን የተሸጠው ኃይል ገቢ ከሚገባበት ካዝና ለአርማጭሆ ምሰሶ የሚወጣበት የታወቀ መንገድ የለም። አገልግሎቱ በበኩሉ ከ1998 እስከ 2011 ዓ.ም ሳይነካ በቆየ ታሪፍ ሲሠራ ነበር። በዚያ ዋጋ አንድ አዲስ የገጠር ደንበኛ ማስገባት ገቢ ከመጨመር ይልቅ ኪሳራ መጨመር ነበር።

፮. «ዶላር ያስፈልገናል» የሚለው ክርክር

የሽያጩ ደጋፊዎች ጠንካራ ክርክር አላቸው። ግድብ በብድር ይሠራል፤ ብድር በዶላር ይመለሳል፤ ዶላር የሚገኘው ለጅቡቲ፣ ለሱዳንና ለኬንያ በመሸጥ ነው። ሽያጩ ባይኖር ግድቡም አይኖርም፤ ግድቡ ካልኖረ ለማንም የሚደርስ መብራት የለም። በሸኸዲ የተሠራው ማከፋፈያ ጣቢያም ለአካባቢው ጠቅሟል። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

ነገር ግን ዶላር የሚያመጣው ሽቦ ብቻ አይደለም። ሰሊጥ ለብዙ ዓመታት ከቡና ቀጥሎ የሚጠራ የአገሪቱ የውጭ ንግድ ምርት ነበር፤ የኢትዮጵያ ምርት ገበያም በሑመራ፣ በመተማና በአብርሃ ጅራ መጋዘን የከፈተው ለዚሁ ነው። የቆላው ገበሬ አገሩን ዶላር ሲያስገኝ ኖሯል። ሰሊጡ ግን ሳይቀሸርና ሳይታሸግ፣ ጥሬው፣ በጭነት መኪና ይወጣል። አስተማማኝ ኃይል በሌለበት ፋብሪካ የሚተክል ባለሀብት የለም። ለሽቦው ዶላር መብራት ኃይል ብድር ተፈልጎለታል፤ ለሰሊጡ ዶላር ግን ማን ተበደረለት?

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻም አይደለም። አብደራፊ ላይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ካላዛርንና የእባብ ንድፊያን ለዓመታት ሲያክሙ ቆይተዋል። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው፤ በብዛት የሚያጠቃውም ከደጋው ለሥራ የወረደውን ወጣት ነው። ከዋነኞቹ መድኃኒቶች አንዱ ከ25 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለበት፤ በዚህ ቆላ ደግሞ ሙቀቱ 40 ዲግሪን የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ጤና ጣቢያ ያለ ማቀዝቀዣ፣ ማቀዝቀዣ ያለ ኃይል አይሠራም። የመብራት መጥፋት እዚህ የምቾት ጉዳይ መሆኑ ያበቃል።

፯. ሌሎች ምን አደረጉ? እኛስ ምን አድርገን ነበር?

በአውሮፓውያን 1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከአሥር የገጠር ቤቶች ዘጠኙ ገደማ መብራት አልነበራቸውም። ኩባንያዎቹ «ገጠር አያዋጣም» ይሉ ነበር፤ በራሳቸው ሂሳብ ትክክል ነበሩ። በ1935 የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት የገጠር ኤሌክትሪክ አስተዳደር የሚባል መሥሪያ ቤት አቋቋመ። መሥሪያ ቤቱ ለገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት በዝቅተኛ ወለድ እያበደረ ምሰሶውን ራሳቸው እንዲተክሉ አደረገ። በአንድ ትውልድ ውስጥ የገጠሩ ቤት ከሞላ ጎደል መብራት አገኘ። ቁም ነገሩ መንግሥት ኩባንያዎቹን «ክሰሩ» ብሎ አለማዘዙ ነው። ኪሳራው የማን እንደሆነ ለይቶ፣ ለብቻው ሂሳብ ከፍቶለታል።

ሐሳቡ ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። መንገድን እንመልከት። የመንገዶች ባለሥልጣን ከአዘዞ መተማ ያለውን አስፋልት ሲሠራ «ከእያንዳንዱ መኪና ስንት አተርፋለሁ?» ተብሎ አልተጠየቀም። በ1989 ዓ.ም የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ተቋቁሞ ለጥገናው ከነዳጅ ላይ ገንዘብ እንዲሰበሰብ ተደረገ። አንበሳ አውቶቡስም ለተሳፋሪው በርካሽ የሚሄደው አትራፊ ስለሆነ አይደለም፤ የአዲስ አበባ አስተዳደር ልዩነቱን በበጀቱ ስለሚደጉም ነው። የከተማው ተሳፋሪ ድጎማ በስሙ ተጽፎ በጀት ላይ ይታያል። የድንበሩ ገበሬ መብራት ግን «ድርጅቱ ይቻለው» ተብሎ የተተወ ነው፤ ድርጅቱ ሳይችለው ሲቀር ደግሞ ዕዳው ይከመራል። በ2013 ዓ.ም የኤሌክትሪክ ኃይልን ጨምሮ የመንግሥት ድርጅቶችን ዕዳ የሚሸከም ሌላ ኮርፖሬሽን እስከ ማቋቋም ተደርሷል። እንግዲህ ኪሳራው መጨረሻ ላይ በመንግሥት ጫንቃ መውደቁ ካልቀረ፣ አስቀድሞ ታውቆ ለታወቀ ሥራ ቢከፈል ይሻል ነበር።

በ1995 ዓ.ም የገጠር ኤሌክትሪክ ፈንድ ተቋቁሟል። ዓላማው ግን ከዋናው መረብ ውጪ ላሉት በግልና በኅብረት ሥራ በኩል ማበደር ነበር፤ የመስመር ጭራ ላይ ላሉት ከተሞች መልስ አልሰጠም።

፰. አሁን ያለንበት

በ2010 ዓ.ም ይፋ የሆነው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም በአውሮፓውያን 2025 መብራት ለሁሉም ይደርሳል ብሎ ነበር። በ2011 ዓ.ም ሲከለስ 65 በመቶው በመረብ፣ 35 በመቶው ከመረብ ውጪ እንዲሆን ተወሰነ። ዓመቱ ደርሷል፤ መብራት ያልደረሰው ሕዝብ ግን ገና በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠራል። በዚያው ዓመት፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። በ1894ቱ ውል «ያለ ፈቃድ አይነካም» የተባለው ውሃ በኢትዮጵያውያን ገንዘብ ተገደበ። ቦንድ ከገዛው ውስጥ የአርማጭሆና የመተማ ሰው አለበት።

ከዚህ በኋላ «ኃይል የለንም» የሚል ምክንያት አይሠራም። የጎደለው ኃይሉን ከግድቡ ወደ ቤት የሚያደርሰው ምሰሶና ምሰሶውን የሚከፍል ሂሳብ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ ታሪፍ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ነው፤ ስለዚህ ከፋዩ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ የመጠየቅ መብት አለው። በሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም የፈነዳው ጦርነትም በአንድ ጎረቤት ደንበኛ ላይ መመካት ምን ያህል እንደሚያሰጋ አሳይቷል። ገዳሪፍ ያለው ደንበኛ በጦርነት ሊጠፋ ይችላል፤ አብርሃ ጅራ ያለው ደንበኛ ግን የትም አይሄድም።

መፍትሔው ተአምር አይጠይቅም። አንደኛ፣ ለጎረቤት አገር ከሚሸጠው ኃይል ገቢ የተወሰነው ድርሻ መስመሩ ለሚያልፍባቸውና ለአጎራባች ወረዳዎች ማከፋፈያ እንዲውል በሕግ ይወሰን። ሁለተኛ፣ የማያዋጣው የገጠር መስመር ኪሳራ ከድርጅቱ ሂሳብ ወጥቶ በፌዴራል በጀት ላይ በስሙ ይጻፍ፤ ምክር ቤቱም በየዓመቱ ይጠይቅበት። ሦስተኛ፣ «ሽፋን» የሚለው ቁጥር ይቅርና የሚሠራ ቆጣሪ ያላቸው ቤቶችና መብራት በቀን ስንት ሰዓት እንደሚቆይ በወረዳ ደረጃ ይታተም።

ድርጅቱ ነጋዴ ወይስ አገልጋይ የሚለው ጥያቄ ሲነሳ መልሱ «ሁለቱም» ነው። ሁለቱንም መሆን የሚችለው ግን ሁለት ሂሳብ ሲኖረው ብቻ ነው። በአንድ ሂሳብ ሁለቱን ሲያደርግ ነጋዴው ሁልጊዜ አገልጋዩን ይረታል፤ ተረቺው ደግሞ ሁልጊዜ ዳር አገር ያለው ነው። የአገር ዳር የሚጠበቀው በወታደር ብቻ አይደለም። ማታ መብራት የሚበራበት፣ ወፍጮው የሚፈጭበት፣ ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚያኖርበት መንደር ሰው ይዞ ይቀመጣል፤ ሰው የተቀመጠበት ድንበር ደግሞ ባለቤት አለው።